ወንዝ ያላየ ሳልሞን

ውድ ኒሎ፣

ስልክ ብደውል አታነሳም፤ መልእክት ብልክ አንብበህ ዝም። እንግዲህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ይህን ደብዳቤ የምሰጠው ለዓሣ መኪናው ሹፌር ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ እናንተ ባሕር ሲመለስ በእጅህ እንዲሰጥህ በእናቱ አስምዬዋለሁ። ስለዚህ አልደረሰኝም ብሎ ነገር የለም። ደግሞ እንደ ልማድህ ግማሹን አንብበህ ኪስህ ውስጥ እንዳትወትፈው።

ነገሩን አላንዛዛም። በሚመጣው ሰኞ አባዬን ደቡብ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ይወስዱታል። ልቡን ሊከፍቱት ነው። ሐኪሟ ስትነግረኝ እኔን ሳይሆን መስኮቱን እያየች ነበር፤ «ዕድሜው ገፍቷል፣ ሰውነቱም ተዳክሟል፤ ተስፋ አለ፣ ግን ቃል አልገባልሽም» አለችኝ። እኔ ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰኞ በፊት እንድትመጣ። ከሰኞ በኋላ የሚሆነውን ማን ያውቃል? ሦስት ዓመት አኩርፈህ፣ መጨረሻ ላይ ሬሳ ሳጥን ፊት ቆመህ ስታለቅስ ካየሁህ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እዚያው በጥፊ ነው የምልህ።

ፀሐይ በማትጠልቅበት በሰኔው የዮሐንስ በዓል ዋዜማ እዚህ ግቢ የሆነውን ልንገርህ። ከእኔ ካልሰማህ ከአክስታችን ከራውና መስማትህ አይቀርም፤ እሷን ደግሞ ታውቃታለህ፣ አንዷን ነገር አሥር አድርጋ ነው የምታወራው። እማዬ ብትኖር ትገስጻት ነበር፤ አሁን ማን ይገስጻታል?

መጀመሪያ ግን አንተ ከሄድክ በኋላ የነበረውን ስማ። አንተ የምታውቀው የወጣህበትን ቀን ነው። የቀረውን ከሰውዬው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የኖርኩት እኔ ነኝ። ያ ቀን ራሱ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ሳቄ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል። ባሕሩ ላይ፣ ሳልሞን በመረብ ጋጣ ከሚያደልቡት ዘንድ፣ ሥራ ማግኘትህን በነገርከን ማግስት እኮ ነው አባዬ መረብ ውስጥ ያ ክንፉ ተበልቶ ያለቀ ዓሣ የገባው። ከጋጣ ያመለጠ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። አምጥቶ ሳህንህ አጠገብ ዘረጋውና «ኒሎ፣ ላምህ ጠፍታ መጥታለች፤ ወስደህ እሰራት» አለህ። አንተ ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። «ዓሣ በጋጣ የሚቀልብ ልጅ አልወለድኩም» ሲል ኮትህን ከመስቀያው አወረድክ፤ በሩንም ቀስ አድርገህ ነው የዘጋኸው። ብትወረውረው ይሻለን ነበር።

በዓመቱ ወንዙ ተዘጋ። ሳልሞኑ አልቋል፣ ማንም መረብ እንዳይጥል፣ ማንም መንጠቆ እንዳያጠምድ ተባለ። ሰዉ ምክንያት አላጣም፤ ባሕሩ ሞቆ ነው የሚል አለ፣ ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ ነው ያጠፋው የሚል አለ፣ ሁሉንም በመንግሥት የሚያሳብብም አለ። ለአባዬ ግን አንድ ምክንያት ይበቃዋል፤ የእናንተ ጋጣ። ጀልባዋን ግቢ ውስጥ ገለበጣት፤ ከዚያ በኋላ ቀለም አልቀባትም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት የእኛ ነገር ነው። ወንዙ ከደጃችን እየፈሰሰ እኛ ከቆርቆሮ ሥጋ እንበላለን።

ከሱቅ የመጣ ሳልሞን ደግሞ ደጃፋችንን አያልፍም። አንድ ቀን ራውና በጭስ የበሰለ ቁራጭ ይዛ መጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አባዬ ከነሳህኑ አንስቶ ውጭ ደረጃው ላይ አኖረው። ውሻችን ሙስቲ ጠራርጎ በላና ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ሹም ሲንጎራደድ ሰነበተ። ራውናም «የኔን ስጦታ የሚያውቅልኝ በዚህ ቤት ውሻው ብቻ ነው» ብላ ሳህኗን ይዛ ሄደች።

እኔ አንተን አልወቅስም ኒሎ። ይህን እወቅልኝ። እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራ ነበር? እኔ የትምህርት ቤት ታክሲ እነዳለሁ፤ በየዓመቱ የማሳፍራቸው ልጆች እያነሱ ነው። የማልችለው መሄድህን አይደለም፤ ዝምታህን ነው። እሱ ዝም፣ አንተ ዝም፣ መሀል ላይ እኔ ለሁለት ሰው የምለፈልፍ እብድ ሆኜ ቀረሁ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እህል አስጠላው። መጀመሪያ አውቆ መስሎኝ ተቆጣሁት። አጋዘን ሥጋ ቀቀልኩለት፣ ድንች በቅቤ ፈጨሁለት፣ ሾርባውን እንደ ባላጋራ አፍጥጦ አይቶ ፊቱን ያዞራል። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት። ከዚያ ሐኪሟ መጣች፤ ልቡ መሆኑ ተነገረን፣ ከቀዶ ጥገናው በፊትም የግድ መብላት አለበት ተባለ። እንግዲህ የማይበላን ሰው ብላ ብሎ ማዘዝ ለሐኪም ቀላል ነው። ፈራሁ። ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን አዳምጣለሁ፤ እንደ ሕፃን ልጅ እናት ሆንኩልህ።

በዋዜማው ጠዋት አልጋው ላይ ሆኖ «ኢንጋ» አለኝ።

«አቤት አባዬ።»

«ሳልሞን በጣውላ ብትጠብሺልኝ እበላ ነበር።»

ደስ ይበለኝ ልዘን አላወቅኩም። በስንት ወር አንዴ የምግብ ስም ጠራ፤ የጠራውም በአገሩ የሌለውን። ራውና ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች ለካ፤ «ታዲያ ምን ያስጨንቃል?» ብላ ጮኸች። «አንዱን ጎረምሳ መረብ አስጥለን አንዲት ማውጣት ነው። ተቆጣጣሪዎቹም ሰው ናቸው፤ ዛሬ እነሱም በዓል ያከብራሉ።»

«ራውና!» አለ አባዬ። ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ። «የቀረችው አንዲት እናት ልትወልድ ሽቅብ ስትወጣ እኔ ልበላት? ልትሰርቂ ከፈለግሽ ከሌላ ሰው ቤት ሆነሽ ስረቂ።»

«እሺ በቃ፣ ፍርድ ቤት አልቆምኩም!» አለችና ድንቿን መላጥ ቀጠለች።

መኪናዬን አስነስቼ የድንበሩን ድልድይ ተሻገርኩ። እኛ ጋ ሱቁ በበዓሉ ተዘግቷል፤ እዚያ ማዶ ግን ክፍት ነው። ቶርዲስ፣ ያቺ ባለ ሱቋ፣ አንድ ጎን ሙሉ ሳልሞን አውጥታ አሳየችኝ። ቀዩ ደመቅ ያለ፣ ነጭ የስብ መስመር የተጋደመበት። «ከነኒሎ ነው!» አለችኝ እየሳቀች፤ «ዛሬ ጠዋት ነው የገባው። ማን ያውቃል፣ ራሱ የቀለበው ይሆናል።» ምስኪን፣ የምሥራች የነገረችኝ መስሏታል። እኔ ቅርጫቴን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ትቼው ልውጣ ብዬ ነበር። ቀጥሎ ግን የአባዬ ቀበቶ ትዝ አለኝና «ጠቅልዪልኝ» አልኳት። ከሌላ ወንዝ የመጣ ነው እለዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ስድሳ ዓመት ዓሣ ያጠመደን ሰው በዓሣ ላዋሽ! ሲጨንቅህ የማታስበው የለም።

ጣውላውን ከዕቃ ቤት አወረድኩ፤ ያንን ጠርዙ የከሰለውን፣ ከወንዙ ዳር እንጨት የተፈለጠውን። ፍቄ አጠብኩትና ድንጋይ ጭኜበት ወንዙ ውስጥ ነከርኩት። ዓሣውን ደረቅ ጨው ነሰነስኩበት። ግቢያችን ውስጥ ጀልባዋ አጠገብ ባለው ምድጃ የበርች ዛፍ ፍልጥ አነደድኩ፤ አባዬንም ደግፌ አውጥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ አጋዘን ቆዳ አለበስኩት። እሳቱን ሲያይ ፊቱ ላይ ትንሽ ደም መጣ። ወዲያው ማዘዝ ጀመረ። «እንጨት አታብዢበት፣ ነበልባል አይደለም የሚያበስለው። ጣውላውን አታስጠጊው። ማን አስተማረሽ?» «አንተ!» አልኩት። «እንግዲያው አልሰማሽም ነበር» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሰው ሲሳደብ እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዓሣውን በቆዳው በኩል ጣውላው ላይ አጋድሜ የእንጨት ችንካሮቹን ስደረድር «እስቲ አቅርቢልኝ» አለ። አውራ ጣቱን ሥጋው ላይ ጫን አድርጎ አነሳ። የጣቱ ቦታ እንደ ሰረጎደ ቀረ።

«ከየት ነው ያልሽኝ?»

«ከምዕራብ፣ ከሌላ ወንዝ።»

«ኢንጋ።»

«አቤት።»

«ይሄ ወንዝ አይቶ አያውቅም።»

ራውና ድንቿ ላይ አቀረቀረች። የእኔም ውሸት ከዚያ በላይ አልሄድ አለኝ። «ከነኒሎ ነው» አልኩት። «ቶርዲስ ናት የነገረችኝ። በል አሁን ትበላለህ ወይስ ለሙስቲ ልስጠው?»

ጣውላውን ይወረውረዋል ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። አልወረወረውም። እሳቱን ብዙ አየ። «እንግዲህ ጣውላ ላይ ከወጣ ወጣ» አለ በመጨረሻ። «ግን የራስጌውን ማን ይመታዋል?»

ይኸውልህ የአባትህ ነገር! በቤታችን የመጀመሪያውን ችንካር፣ የራስጌውን፣ ዓሣውን የያዘው ሰው ብቻ እንደሚመታው ጠፍቶኝ አይደለም። አንተ የመጀመሪያ ዓሣህን ይዘህ መዶሻው ከብዶህ አውራ ጣትህን የቀጠቀጥክ ጊዜ፣ እሱ ቆሞ እያየህ ደም ሲፈስህ እንኳ መዶሻውን አልተቀበለህም፤ ሕግ ነው። ግን ከሱቅ የተገዛን ዓሣ ማን ያዘው ይባላል?

«እኔ እመታዋለሁ» አልኩት።

«አንቺ ገዛሽው እንጂ መቼ ያዝሽው?»

«እንግዲያው አንተው ምታው።»

«እኔማ አልያዝኩትም።»

ራውና ቢላዋዋን ወረወረች። «አንተ ሰውዬ፣ አንጀትህ ከጀርባህ ተጣብቆ አሁንም ሕግ ታወራለህ? ዓሣ ዓሣ ነው! መዶሻውን ወዲህ በሉኝ፣ እኔ እመታዋለሁ፣ ኃጢአቱም በእኔ ይሁን!»

«ባለቤቱ ሌላ ነው» አለ አባዬ። ችንካሯንም እሳቱ ውስጥ ወረወራት።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። የእኛ ቤት እልህ ምላጩን አላምጦ ነው የሚውጠው። ተናድጄ የቀሩትን ችንካሮች አንድ በአንድ መታሁ፤ የራስጌውን ቦታ ባዶውን ተውኩት። ጣውላውን ራስጌውን ወደ ታች አድርጌ እሳቱ ፊት አቆምኩት። ወፍራሙ በኩል ለፍሙ ቀረብ ማለት አለበት፤ በኋላ ይገለበጣል። ስቡ መንጠብጠብ ጀመረ፣ ፍሙ ላይ ቸስ አለ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው። ሦስት ዓመት ያልሸተተን ሽታ ነው ኒሎ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሰው ነበር።

«አሁን ገልብጪው» አለኝ።

ገለበጥኩት። ጉድ ፈላ። ራስጌው ወደ ላይ ሲዞር የሚይዘው ነገር የለም፤ የእናንተ ዓሣ ደግሞ ስብ በስብ ነው፣ እሳት ካየ ይልመሰመሳል። ከላይ ተላቀቀና እጥፍ አለ፤ ከዚያ የቀሩትን ችንካሮች በሥጋው እየቀደደ ወርዶ ዐመዱ ላይ ዘጭ አለ።

«አይ ምስኪን!» አለች ራውና፤ «በሁለት አገር ሞተ!»

ሙስቲ ተወርውሮ መጣ፣ በእግሬ መለስኩት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ምርር ብዬ አለቀስኩ። የተከማቸው ሁሉ ወጣ። «አውቀህ ነው!» አልኩት አባዬን። «እንደሚወድቅ እያወቅክ ነው ገልብጪው ያልከኝ! አንድ ችንካር ለመምታት አባትና ልጅ አንድ ላይ ማምጣት ካለብኝ እኔ አልችልም፣ ደክሞኛል! ሰኞ ትሄዳለህ፣ ከሄድክ ደግሞ ላትመለስ ትችላለህ፣ አንተ ስለ ችንካር ታወራለህ!» እንዲህ ብዬ ጮህኩበት፣ ለታመመ ሰው።

ተነሳ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ በብብቱ የምይዘው ሰውዬ ብቻውን ተነሳ፤ ቆዳው ከትከሻው ወደቀ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተንበረከከና ዓሣውን በባዶ እጁ ከዐመዱ አወጣው። «አባዬ እጅህ!» አልኩ፤ አልሰማኝም። ዐመዱን እፍ እፍ አለ፣ የከሰለውን ላጠ፣ ከውስጡ ቆረሰና አፉ ውስጥ ከተተ። እዚያው ተንበርክኮ አላመጠ። ከንፈሩ ዐመድ ለብሷል።

«ድልብ ነው» አለ።

ስድብ መሰለኝ። ሁለተኛ ቆረሰ። ሦስተኛ ቆረሰ።

«ልጁ ደህና አድርጎ ቀልቦታል» አለ።

ራውና ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። አንተ ከሄድክ ጀምሮ በዚያ ቤት ልጁ ተብለህ አታውቅም፤ ስምህ ሲነሳ «ያ እዚያ ማዶ ያለው» ነበርክ። እኔ እንባዬን ሳልጠርግ ድንች አቀረብኩለት፤ አንዱን ከነልጣጩ በላው። ስንት ወር ሙሉ ያልበላው ሰው እንደዚያ ሲበላ አጠገቡ ተቀምጬ መቁጠር እንኳ ፈራሁ፣ እንዳይቋረጥብኝ። ከዚያ በኋላ እጁን አይቼ ደነገጥኩ፤ ሁለት ጣቶቹ ውሃ ቋጥረዋል። ቅባት ስቀባው «ተይው፣ የዓሣ ሰው እጅ ነው» አለኝ።

ሁሉም ነገር መልካም ሆነ ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ከበላው ግማሹ ሆዱ ላይ አልረጋም። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለ፣ ዛሬም ፊቱ አመድ ነው። ሐኪሟ ስልክ ላይ «ትንሽም ቢሆን ጥሩ ነው» አለችኝ፤ የምትለው ስታጣ የምትለው ነገር ነው። ፈርቻለሁ ኒሎ። የምፈራውን ለማን ልንገር? ለራውና ብነግራት ማታውኑ መንደሩ ሁሉ ለቀብር ልብሱን ይተኩሳል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የዛሬ ጠዋቱ ነው። ትራሱን ላስተካክልለት ጎንበስ ስል እጄን ያዘኝ።

«እሱስ ይበላል?» አለኝ።

«ማን?» አልኩት። ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ከአፉ እንዲወጣ ፈልጌ ነው።

«ኒሎ» አለ። «ቀጭን ልጅ ነበር። ዓሣውን እንዲያ አድርጎ ሲቀልብ ለራሱስ ይበላል?»

ምን ልበለው? ሦስት ዓመት ሆነህ፣ አላውቅም። ምን እንደምትበላ፣ ማን እንደሚያበስልልህ፣ ብቻህን ትብላ ከሰው ጋር አላውቅም። «ይበላል አባዬ» አልኩት።

«ሳላይ አላምንም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከእሱ አፍ ከዚህ በላይ አትጠብቅ፤ ይህም ለእሱ ብዙ ነው። ሰኞ በጠዋት መኪናው ይመጣል። እሑድ እራት ላይ ድንች ቀቅዬ እጠብቅሃለሁ። ይቅርታ አትጠይቅ፣ ስለ ወንዙም ስለ ባሕሩም አትናገር። እጅህን ታጠብ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥ፣ እሱ እያየህ ብላ።

እህትህ
ኢንጋ